ሳይከፈት የሚሸጥ ሱቅ

ወሬ ቢበዛ በአህያ አይጫንም ይባላል። ክብደት የለውም፣ ቦታም አይዝም ማለት ነው። ይህን ያሉት አባቶች ግን የቤት ኪራይ ከፍ የሚያደርግ ወሬ አላጋጠማቸውም። በአሜሪካ ከተሞች እንዲህ ያለ ወሬ ከተለመደ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ ይኸውም «ሆል ፉድስ በሠፈራችን ሊከፈት ነው» የሚለው ነው። ወሬው ሲሰማ ባለቤት የሆነው ሰው ቤቱን ስንት እንደሚያወጣ ያሰላል፤ ተከራይ የሆነው ደግሞ የኪራይ ውሉን ከመሳቢያ አውጥቶ የሚያበቃበትን ቀን ያነባል። ሁለቱም ገና ከዚያ ሱቅ አንዲት ቲማቲም እንኳ አልገዙም።

እንግዲህ ጥያቄያችን ከዚህ ይነሣል። ገና ያልኖረ ነገር ያለውን ነገር የመለወጥ ኃይል ከየት ያገኛል? ከዚህም የባሰ አስቸጋሪ የሆነ የሥነ ምግባር ጥያቄ ይከተላል፤ በራሱ መልካም የሆነ ነገር፣ ለምሳሌ ንጹሕ ምግብ፣ መምጣቱ ሰውን ካስፈራ ጥፋቱ የፈሪው ነውን ወይስ የአመጣጡ?

ስለ ሱቁ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ሆል ፉድስ በቃል ፍቺው «ሙሉ ምግብ» እንደ ማለት ሲሆን፣ በ1980 በቴክሳስ፣ በኦስቲን ከተማ በአንዲት ሱቅ ተጀመረ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በሚቀጥለው ዓመት በግንቦት ከተማዋን ከባድ ጎርፍ መታትና የሱቋ ዕቃ በውሃ ጠፋ። ጭቃውን ጠርገው እንደገና ያቆሟት ሠራተኞቿ ብቻ አልነበሩም፤ ደንበኞቿና ጎረቤቶቿም መጥረጊያና ባልዲ ይዘው መጡ። በ2017 አማዞን የተባለው ታላቅ ኩባንያ በ13.7 ቢሊዮን ዶላር የገዛው ከዚያች ሱቅ የበቀለውን ድርጅት ነው። ባልዲ ይዞ የመጣው ጎረቤት በዚያ ሒሳብ ውስጥ በየትኛው መስመር እንደ ተመዘገበ መጠየቅ የሒሳብ ሹም ሥራ አይደለም፤ የጸሐፊ ሥራ ግን ይመስለኛል። የዛሬው ገበያተኛ በበኩሉ ለሱቁ የራሱን ቅጽል ስም አውጥቶለታል፤ «ሙሉ ምግብ» የሚለውን ገልብጦ «ሙሉ ደመወዝ» ይለዋል።

ሱቁን ያስከበረው «ኦርጋኒክ» የሚለው ቃል ነው። ቃሉ በአሜሪካ በዘፈቀደ የሚለጠፍ አይደለም። ሕጉ በ1990 ወጣ፤ ብሔራዊ ደንቡም ከጥቅምት 2002 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። እርሻው የተከለከለ ኬሚካል ሳይነካው ሦስት ዓመት መቆየት አለበት፤ በየዓመቱም ተቆጣጣሪ መጥቶ ያየዋል። ከዚህ በኋላ ማኅተሙ ይሰጣል። በካፋና በጅማ ከጫካ ጥላ ሥር ቡና የሚለቅመው ገበሬያችን ማዳበሪያም ፀረ ተባይም ሳያስጠጋ ከአያቶቹ ጀምሮ ኖሯል፤ ሆኖም ወረቀቱ ከሌለው ቡናው በዚያ መደርደሪያ ላይ «ኦርጋኒክ» ተብሎ አይጠራም። በዚህ መራቀቅ የሚስቁ አሉ። እኔ አልስቅም። ጎረቤት የጎረቤቱን ማሳ ያውቀዋል፤ ምን እንደረጨበትም ያያል። ገዢው ከማሳው አሥር ሺህ ኪሎ ሜትር ሲርቅ ግን የሚታመነው ማኅተም ብቻ ነው። ማኅተም ዝምድና በተቋረጠበት ቦታ የሚበቅል ነገር ነው።

ችግሩ የሚጀምረው የምግቡ ንጽሕና ወደ በላተኛው ሲተላለፍ ነው። ንጹሕ ምግብ የገዛ ሰው ራሱን ንጹሕ አድርጎ ያያል፤ ሌሎችም እንዲሁ ያዩታል። በእኛ ባህል ሰው ስለ ምግብ ሲመሰገን የኖረው በተወው ነበር፤ በጾሙና ለእንግዳ ባካፈለው። በገዛው መመስገን አዲስ ነገር ነው። አዲስ በመሆኑ ብቻ ይኮነን አልልም። ይሁን እንጂ በጎነት በገንዘብ የሚገኝ ከሆነ ገንዘብ የሌለው ሰው በጎነትም የለውም ወደሚል ድምዳሜ ለመድረስ አንድ እርምጃ ብቻ ይቀራል፤ ያን እርምጃ ማንም በአፉ ባይናገረው የሠፈር ካርታ ይናገረዋል።

ለቲያትር ሰዎች የወሬ ኃይል እንግዳ አይደለም። ጎጎል በ1836 በፒተርስበርግ ለመድረክ ባበቃው ኮሜዲ ውስጥ አንዲት የገጠር ከተማ የመንግሥት ተቆጣጣሪ ሊመጣባት ነው የሚል ነገር ትሰማለች። ሹማምንቱ ይርበተበታሉ፤ አንድ ገንዘብ የጨረሰ መንገደኛ ወጣት ተቆጣጣሪው መስሏቸው ይሰግዱለታል፣ ያበድሩታል፣ ሴት ልጅ ይድሩለታል። እውነተኛው ተቆጣጣሪ መድረሱ የሚነገረው መጋረጃው ሊወርድ ሲል ነው። ደራሲው ያሳየን ተቆጣጣሪውን አልነበረም፤ ከተማዋን ነበር። ወሬው ምንም አልጨመረባትም፤ በውስጧ ያለውን ፍርሃትና ዕዳ አወጣው እንጂ። የሱቁም ወሬ እንዲሁ ነው። ባለቤቱንና ተከራዩን የለያያቸው ወሬው አይደለም፤ ቀድሞም የተለያዩ ነበሩ። ያው አንድ ዓረፍተ ነገር ለአንደኛው ብሥራት፣ ለሌላው ማስጠንቀቂያ ሆኖ ሲሰማ ልዩነታቸው በጆሮ ታወቀ።

በቦስተን ጃማይካ ፕሌይን የተባለ ሠፈር የሆነውን እንመልከት። ከኩባ፣ ከፖርቶ ሪኮና ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ የመጡ ሰዎች ለረጅም ጊዜ ኖረውበታል። በሴንተር ጎዳና ላይ ሃይ-ሎ የሚባል የምግብ መደብር ከአርባ ዓመት በላይ አገልግሏቸዋል። በጥር 2011 ሃይ-ሎ ሊዘጋ ነው፣ በቦታውም ሆል ፉድስ ሊገባ ነው የሚል ወሬ ተሰማ፤ ብዙም ሳይቆይ ተረጋገጠ። አዲሱ ሱቅ በሩን የከፈተው በዚያው ዓመት በጥቅምት የመጨረሻ ቀን ነው። በመካከሉ ባሉት ወራት ሠፈሩ ለሁለት ተከፈለ። ተቃዋሚዎቹ ከኩባንያው ስም አንዲት ድምፅ ለውጠው «የማን ምግብ? የማን ሠፈር?» ብለው ራሳቸውን ሰየሙ። ከሰማኋቸው የተቃውሞ ስሞች ሁሉ ይህን የሚያህል ጥሩ የለም፤ ጥያቄውን ራሱን ስም አድርጎታልና።

ደጋፊዎቹም ባዶ አልነበሩም። የሃይ-ሎ ባለቤቶች መደብሩን የዘጉት ወደው ነው፤ ሠፈር ደግሞ ሙዚየም አይደለም፤ ትኩስ አትክልት በሰፈረ ማን ይከፋዋል? አሉ። ክርክራቸው ሊናቅ አይገባም። ድህነትን እንደ ጌጥ ሳይነካ ይቀመጥ የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ድሃ ያልሆነ ነው። ነገር ግን ሃይ-ሎ ሲዘጋ የጠፋው የሚጠበሰው ሙዝና ካሳቫው አይመስለኝም፤ እነዚያ ሌላም ቦታ ይገኛሉ። የጠፋው የሚፈልጉትን ነገር በራሱ ስም ጠርተው፣ ምን እንደሆነ ሳያስረዱ፣ ለምን እንደሚበላ ሳይጠየቁ የሚገዙበት ቦታ ነው። ይህን ለማወቅ ኩባዊ መሆን አያሻም። በባዕድ አገር በርበሬና ሽሮ ሊገዛ ወጥቶ ሻጩ «ስንት ኪሎ ልስጥህ?» ብቻ ብሎ ሲመልስለት ደስታ የተሰማው ኢትዮጵያዊ ሁሉ ያውቀዋል።

ነገሩም ወደ እኛ ሰዎች የሚመጣው በዚህ በኩል ነው። በዋሽንግተን ከተማ የአሥራ አራተኛው ጎዳና አካባቢ በሚያዝያ 1968 ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደሉ ጊዜ በተነሣው ሁከት ተቃጥሎ ለዓመታት ተጎሳቁሎ ነበር። በታኅሣሥ 2000 ከዚያ ጎዳና ጥቂት እርምጃ ወጣ ብሎ፣ በፒ ጎዳና ላይ ሆል ፉድስ ተከፈተ። እዚህ ሱቁን የለመኑት ነዋሪዎች ራሳቸው ነበሩ። በእነዚያው ዓመታት ኢትዮጵያውያን ነጋዴዎች ከአዳምስ ሞርጋን ለቀው ኪራይ ወደ ረከሰበት ወደ ዩ ጎዳናና ወደ ዘጠነኛው ጎዳና ይገቡ ነበር፤ ምግብ ቤቶች፣ ቡና ቤቶች፣ የእንጀራ ሱቆች ከፈቱ። በ2005 ገደማ ቦታው «ትንሿ ኢትዮጵያ» ተብሎ ይሰየም የሚል ጥያቄ ቀረበ። ብዙ ጥቁር አሜሪካውያን ነዋሪዎች ተቃወሙ። ምክንያታቸው ግልጽ ነው፤ ዩ ጎዳና «ጥቁሩ ብሮድዌይ» ይባል የነበረ፣ ዱክ ኤሊንግተን ያደገበት፣ በዘር መለያየት ዘመን አባቶቻቸው ለራሳቸው ያቆሙት ቦታ ነው። የእኛ ሰዎች በዚያን ጊዜ የሰሙት ጥያቄ በቦስተን የተጠየቀውን ነው፤ የማን ሠፈር? መልሱ ደግሞ ቀላል አልነበረም። የተዘጋ በር የከፈተ፣ በጨለመ መንገድ ላይ መብራት ያበራ ሰው «እኔስ ድርሻ የለኝም?» ቢል ዋሸ አይባልም። «አንተ ያበራኸው መብራት እኔን ያባርረኛል» የሚለውም አልዋሸም።

ቀጥሎ የሆነው ይህ ነው። ኪራዩ ወጣ፤ ጥቁር አሜሪካውያን ቤተሰቦች ለቀቁ፤ ቆይቶም ከኢትዮጵያውያኑ ብዙዎቹ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና ወደ አሌክሳንድሪያ ተሻገሩ። ስም ለማግኘት የተከራከሩበት ቦታ ለተከራካሪዎቹ ለሁለቱም ተወደደባቸው። ያገር ልጅ ሲጠቃ ብቻ የሚቆጣ፣ ያገር ልጅ ሳያስበው ሌላውን ሲገፋ ግን ዝም የሚል የሥነ ምግባር ሚዛን ሚዛን አይደለም፤ ለዚህ ነው ይህን ምሳሌ ሳላልፍ የቆየሁበት።

የዚሎው የቤት ዋጋ ድርጅት ሰዎች ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ለሆል ፉድስ ቅርብ የሆኑ ቤቶች ከሌሎች ይልቅ ዋጋቸው እንደሚጨምር ጽፈዋል። ሱቁ ነው ዋጋውን የሚያወጣው ወይስ ዋጋው የሚወጣበትን ሠፈር አሽትቶ ይመጣል? ለምሁራን ጥሩ መከራከሪያ ነው። ለተከራይ ግን ዝናብ ደመናን ያመጣል ወይስ ደመና ዝናብን ብሎ እንደ መጠየቅ ነው፤ በሁለቱም መንገድ ይበሰብሳል።

ታዲያ በደሉ የት ላይ ነው? ጎመን መሸጥ በደል አይደለም። በውድ መሸጥም ብቻውን በደል አይመስለኝም፤ የማይፈልግ አይግዛ። በደሉ ክብር የሚታደልበት መንገድ ላይ ነው። አንድ ሠፈር መብራት፣ ንጹሕ መንገድ፣ ትኩስ ምግብ የሚገባው ሰው ስለሚኖርበት መሆኑ ቀርቶ ነጋዴ ስለመረጠው ሲሆን፣ ነዋሪው የራሱን ዋጋ ከሌላ ሰው አፍ መስማት ይለምዳል። በዚያን ጊዜ ይመጣል የሚለው ወሬ ምስክር ወረቀት ይሆናል፤ አይመጣም የሚለውም ፍርድ ይሆናል። ሱቁን የለመነው የዋሽንግተን ነዋሪና የተቃወመው የቦስተን ነዋሪ በዚህ አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ስለ ሰላጣ ሳይሆን ስለ ራሳቸው የተነገረ ነገር ሰምተዋል።

ለዚህ ከቺካጎ ኤንግልውድ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም። ሠፈሩ የድሃ ጥቁር አሜሪካውያን ነው። የስልሳ ሦስተኛው ጎዳናና የሆልስትድ መገናኛ በአንድ ዘመን በቺካጎ ከታወቁት ትላልቅ የገበያ ቦታዎች አንዱ ነበር፤ በኋላ ባዶ መሬት ሆነ። በ2013 ሆል ፉድስ እዚያ እንደሚከፍት ከከተማው ከንቲባ ጋር አስታወቀ። ያላመኑ ብዙ ነበሩ። ከተማው ቦታውን ለማዘጋጀት ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ አወጣ፤ ሱቁም በመስከረም 2016 ተከፈተ፤ አንዳንድ ሸቀጥ ከሌሎቹ ቅርንጫፎች ባነሰ ዋጋ ይሸጥ ነበር። ነዋሪዎች ተቀጠሩ፣ በሠፈሩ የተሠራ ምርትም መደርደሪያ ላይ ወጣ። ይህን አለመመስገን ንፉግነት ነው።

በሚያዝያ 2022 ኩባንያው በአገሪቱ ስድስት ሱቆች እንደሚዘጋ ሲያስታውቅ ኤንግልውድ ከስድስቱ አንዱ ሆነ። በኅዳር በሩ ተዘጋ። ከዚያም በባዶው ሕንፃ ማን ይገባል የሚል አዲስ ወሬ ተነሣ፤ ሴቭ ኤ ሎት የተባለው የርካሽ ዕቃ መደብር እንደሆነም ተሰማ። የሠፈሩ ሰዎች ተቃወሙ። በቦስተን ለውዱ ሱቅ የተነሣው ቁጣ በቺካጎ ለርካሹ ተነሣ። ከቅሬታቸው አንዱ ስለ ሸቀጡ ጥራት ነበር፤ ሌላው ደግሞ ሳንጠየቅ ለምን ተወሰነ የሚል ነበር። የሚሰሙት ወሬ ሳይሆን ውይይት እንዲሆንላቸው ጠየቁ።