በአንድ ከረጢት ሁለት ሚዛን

ፍትሐዊ ሚዛን ምን ዓይነት ነው የሚለው ጥያቄ ከገበያ ጋር አብሮ የተወለደ ነው፤ የሚመዘነው ነገር በተለወጠ ቁጥር የማታለያው መንገድም ስለሚለወጥ ግን መልሱ በየዘመኑ እንደገና ይፈለጋል። እህል በቁና፣ ወርቅ በወቄት በሚሸጥበት ዘመን ሻጭና ገዢ ሚዛኑን ፊት ለፊት ያዩት ነበር። ዛሬ አንድ ትምህርት ቤት ወይም ሆስፒታል በእንጨት የሚሠራ ቦይለር ሲገዛ የሚያየው በአምራቹ ወረቀት ላይ የሰፈረ አንድ ቁጥር ብቻ ነው፤ ይህም የኃይል ብቃት የሚባለው፣ ማለትም በነዳጁ ውስጥ ካለው ኃይል ምን ያህሉ ጠቃሚ ሙቀት ሆኖ እንደ ወጣ በመቶኛ የሚገልጸው ቁጥር ነው። የብቃት መፈተሻ ደረጃ የሚያወጣ ሰው ገዢው ሊያየው የማይችለውን ሚዛን በገዢው ፈንታ ስለሚይዝ ሥራው ከምሕንድስና አልፎ ወደ ሥነ ምግባር ይገባል፤ ትክክለኛ ቁጥር ሁሉ ሐቀኛ ምስክር አለመሆኑም የሚገለጠው እዚህ ላይ ነው።

በቶሮንቶ የብሉር ጎዳና ለሚኖር ኢትዮጵያዊ ነገሩ ሩቅ ሊመስለው ይችላል፤ የከተማዋ ሕንፃዎች በአብዛኛው የሚሞቁት በተፈጥሮ ጋዝ ነው፣ እንጀራውም የሚጋገረው በኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። ይሁን እንጂ በ1919 የተመሠረተውና (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የካናዳን የምርት ደረጃዎች ከሚያወጡት ተቋማት አንዱ የሆነው ሲኤስኤ ግሩፕ ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚያው ቶሮንቶ፣ ሬክስዴል በተባለው ሰፈር ይገኛል፤ በእንጨትና በሌላ ጠጣር ነዳጅ የሚሠሩ ማሞቂያዎች የሚፈተሹበትን «ቢ 415.1» የተባለ ደረጃ ያወጣውም ይኸው ተቋም ነው። በሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል ደግሞ ማገዶ ተራ ነገር አይደለም፤ በየሎውናይፍ ከተማ ያለው ትልቁ ማረሚያ ቤት በ2006 ከናፍጣ ወደ እንጨት ፔሌት፣ ማለትም ከተጨመቀ የእንጨት ብናኝ ወደሚሠራ ነዳጅ ከተሸጋገረ ወዲህ የክልሉ መንግሥት በትምህርት ቤቶችና በሌሎች ተቋማት ተመሳሳይ ቦይለሮችን ተክሏል።

እንዲህ ያለው መካከለኛ ቦይለር ለመዛኝ አስቸጋሪ ነው። የመኖሪያ ቤት ምድጃ በቤተ ሙከራ ሲፈተሽ ከነማገዶው በመድረክ ሚዛን ላይ ይቀመጥና እሳቱ እየነደደ ሲሄድ ክብደቱ ምን ያህል እንደ ቀነሰ በየደቂቃው ይነበባል፤ ከነውሃው ብዙ ቶን የሚመዝነውን የተቋም ቦይለር ግን ጥቂት ኪሎ በሚለይ ሚዛን ላይ ማውጣት አይቻልም። የኃይል ማመንጫ ጣቢያዎችን ለሚያህሉ ግዙፍ ቦይለሮች የአሜሪካ የመካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር «ፒቲሲ 4» የተባለ የፍተሻ ሕግ አለው፤ አውሮፓም እስከ 500 ኪሎዋት ለሚደርሱት «ኢኤን 303-5» የተባለውን ደረጃ ትጠቀማለች። በሰሜን አሜሪካ ግን የቤቱ ሕግ ለሚያንሰው፣ የጣቢያው ሕግ ለሚበዛበት ቦይለር የሚሆን ወጥ ሚዛን ሳይኖር ረጅም ጊዜ በመቆየቱ፣ አንዱ አምራች በአንዱ ሌላውም በሌላው መንገድ የለካውን ቁጥር ይዞ ወደ አንድ ገበያ ይወጣል።

ነገሩ በስሌት ሲታይ ግልጽ ይሆናል። ፈጽሞ የደረቀ እንጨት አንድ ኪሎው ወደ 20 ሜጋ ጁል የሚጠጋ ሙቀት አለው፤ ከክብደቱ 40 በመቶው ውሃ የሆነ ጥሬ እንጨት ግን በኪሎ ወደ 12 ሜጋ ጁል ይወርዳል። ይህ ከፍተኛው የሙቀት ይዘት የሚባለው ነው። ነገር ግን በእንጨቱ ውስጥ የነበረውም በቃጠሎው የተፈጠረውም ውሃ ተንኖ በጭስ ማውጫው ሲወጣ የተነነበትን ሙቀት ይዞት ስለሚሄድ፣ ይህን ኪሳራ አስቀድሞ የሚቀንስ ሌላ ስሌት አለ፤ ዝቅተኛው የሙቀት ይዘት የሚባለው ይኸው ሲሆን ለዚያው እንጨት 10.2 ገደማ ይሆናል። ቦይለሩ ከአንድ ኪሎ ማገዶ 8.5 ሜጋ ጁል ወደ ውሃው ቢያሳልፍ፣ በሰሜን አሜሪካ እንደተለመደው በከፍተኛው ሲካፈል ብቃቱ 71 በመቶ፣ በአውሮፓ እንደተለመደው በዝቅተኛው ሲካፈል ደግሞ 83 በመቶ ይሆናል። እሳቱም፣ እንጨቱም፣ የሞቀው ውሃም አንድ ናቸው፤ የተለየው አካፋዩ ብቻ ነው።

ከሁለቱ ቁጥሮች ሐሰት የሚባል የለም፤ ጥንታዊው ሕግም ያወቀው ይህንኑ ይመስላል። ኦሪት ዘዳግም በ25ኛው ምዕራፍ የሚከለክለው በአንድ ከረጢት ውስጥ ትልቅና ትንሽ የሚዛን ድንጋይ መያዝን ነው። ድንጋይ ለብቻው አይዋሽም፤ ውሸቱ የሚፈጠረው ባለቤቱ ሲገዛ አንዱን ሲሸጥ ሌላውን ማውጣት ሲችል ነው። በቁርኣን 83ኛው ሱራ፣ አል-ሙጠፊፊን፣ የሚወገዙትም ከሰው ሲቀበሉ ሞልተው ለሰው ሲሰፍሩ የሚያጎድሉት ናቸው። ሁለቱም የሚያወግዙት የመስፈሪያውን መጠን ሳይሆን መለዋወጡን ነው። ስለሆነም ለቦይለር ደረጃ የሚያወጣ ኮሚቴ የመጀመሪያ ግዴታው ከሁለቱ አካፋዮች አንዱን መርጦ፣ የመረጠውንም ከቁጥሩ ጎን እንዲጻፍ ማስገደድ ነው፤ አካፋዩ ያልተነገረበት ብቃት ምስክርነት ሊባል አይገባውም።

ሁለተኛው ችግር ያለው ቦይለሩ በሚፈተሽበት ሰዓት ላይ ነው። ቦይለር የሚመረጠው የክረምቱን እጅግ ቀዝቃዛ ቀን እንዲችል ተደርጎ ነው፤ በቶሮንቶ ይህ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ አካባቢ ነው። የቤት ውስጡ ሙቀት 21 ዲግሪ ይሁን ቢባል፣ ውጭው ዜሮ በሆነበት ቀን ሕንፃው የሚፈልገው ከቦይለሩ ሙሉ አቅም ከግማሽ ጥቂት የሚበልጠውን ብቻ ሲሆን፣ 10 ዲግሪ በሆነበት የጸደይ ቀን ደግሞ ሩቡን ያህል ነው። የጋዝ እሳት ሲፈለግ ይጠፋል፤ የእንጨት እሳት ግን አየር ሲከለከል ታፍኖ ይጤሳል፣ ብቃቱ ይወርዳል፣ ደቃቅ ብናኙም ወደ ጎረቤት ይነፍሳል። በሙሉ ኃይሉ ብቻ የተፈተሸ ቦይለር እንግዲህ ክረምቱን በሙሉ እምብዛም በማይሠራበት ሁኔታ ተመስግኖ ይሸጣል። በአሜሪካ የመኖሪያ ቤት ምድጃዎች ላይ የሆነው ከዚህ ይመሳሰላል፤ በ1988 የወጣው ደንብ ምድጃዎቹ የሚፈተሹት ቤተሰብ በሚያነደው ፍልጥ ሳይሆን በመጠን ተቆርጦ በምስማር በተያያዘ የግንባታ ጣውላ እንዲሆን አደረገ። በየካቲት 2023 ደግሞ የአገሪቱ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ የዋና ኢንስፔክተር ጽሕፈት ቤት የፍተሻ ፕሮግራሙ ምድጃዎቹ ለገዢ ከመድረሳቸው በፊት በትክክል ለመፈተሻቸው በቂ ማረጋገጫ አይሰጥም ሲል ደመደመ።

እዚህ ላይ መሐንዲሶች የሚያነሡት ክብደት ያለው ተቃውሞ አለ። ፍተሻ ዛሬም ነገም፣ እዚህም እዚያም አንድ ዓይነት ውጤት ካልሰጠ ፍተሻ አይባልም፤ ኑሮ ደግሞ ፈጽሞ አይደገምም፤ የአንዱ ማገዶ ደረቅ፣ የሌላው እርጥብ ነው፣ አንዱ እሳቱን ይቆጣጠራል፣ ሌላው ረስቶት ይውላል። ጣውላው የተመረጠውም ለማታለል ሳይሆን ቁጥሩ እንዲደገም ነበር። ይህ እውነት ነው፤ ቢሆንም መደጋገም የሚያረጋግጠው መዛኙ ከራሱ ጋር መስማማቱን ብቻ ነው፤ ከተመዛኙ ሥራ ጋር መስማማቱን አያረጋግጥም።

የኢትዮጵያ የምድጃ ሥራ ልምድ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። ከ1980ዎቹ ጀምሮ በዓለም የተስፋፋው የውሃ ማፍላት ፍተሻ በድስት ያለ ውሃ እስኪፈላ የሚነደውን ማገዶ የሚለካ ሲሆን፣ በቀላሉ ስለሚደገም ተመራጭ ሆኖ ቆይቷል። እንጀራ ግን አይቀቀልም፤ ሰፊው ምጣድ እኩል መጋል አለበት፣ በአንዱና በሚቀጥለው እንጀራ መካከልም ግለቱ መመለስ አለበት። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተሠራው፣ ምጣዱን ዙሪያውን በሲሚንቶ ክፍሎች የሚከበው «ምርጥ» የተባለው ምድጃ በሦስት ጉልቻ ላይ ከሚነደው እስከ ግማሽ የሚደርስ ማገዶ ይቆጥባል የተባለው ሊጥ ተጋግሮበት ነው። በዚህ መንገድ፣ ማለትም ቁጥጥር በሚደረግበት የማብሰል ፍተሻ፣ ሊጡ ይመዘናል፣ ማገዶው ይመዘናል፣ የወጣውም እንጀራ ይመዘናል፤ ጋጋሪዋ ግን እንደ ልማዷ ትጋግራለች። ስለዚህ ለመደጋገም ሲባል ሥራውን መለወጥ ግድ አይደለም፤ ሥራውን እንዳለ ይዞ በዙሪያው ያለውን መቆጣጠር ይቻላል። ለተቋም ቦይለርም መንገዱ ይኸው ነው፤ በሙሉ፣ በግማሽና በሩብ ጭነት መፈተሽ፣ ሲለኮስና ሲታፈን የሚወጣውንም ጭስ ከሒሳቡ አለመሰረዝ።

ፈታኞች በየደረጃው የሚገጥማቸው ፈተና ርኅራኄ ነው፤ አዲስ የሆነውን አምራች ላለመጉዳት፣ ከነዳጅ ዘይት ይሻላል በሚል በጎ ሐሳብም፣ ቁጥሩን ጥቂት ከፍ የሚያደርግ ዘዴ ይመረጣል። በተአምረ ማርያም የሚተረከው የበላዔ ሰብ ታሪክ ለዚህ ማመካኛ ሊመስል ይችላል፤ 78 ሰው የበላው ኃጢአተኛ ነፍስ ስትመዘን፣ በእመቤታችን ስም ለተጠማ ሰው የሰጠው ጥርኝ ውሃ ጥላዋ አርፎበት ሚዛኑን ደፍቷል። ነገር ግን ያ ምሕረት የዕዳው ባለቤት የሰጠው ምሕረት ነው። ሰው ይቅር ሊል የሚችለው ለራሱ የሚገባውን ብቻ ስለሆነ፣ ፈታኙ ለአምራቹ የሚጨምረው መቶኛ ከራሱ ኪስ አይወጣም፤ የሚወጣው ማገዶውን ከሚገዛው ትምህርት ቤት፣ ጭሱን ከሚስበው ጎረቤትና ከሚጨፈጨፈው ደን ነው። እነዚህ ሦስቱ ፍተሻው በሚደረግበት ክፍል ውስጥ አይገኙም፤ ፈታኙ በእነርሱ ስም ይቅር የማለት ሥልጣን የለውም።

የካናዳ ደረጃዎች የሚጻፉት አምራች፣ ተጠቃሚና ተቆጣጣሪ አካል በሚወከሉባቸው ኮሚቴዎች ሲሆን ረቂቃቸውም ከመጽደቁ በፊት ለሕዝብ አስተያየት ክፍት ይሆናል። በብሉርና በአካባቢው የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን መሐንዲሶች፣ ከጭስ ጋር ያደጉ እናቶችና የማኅበረሰብ መሪዎች ለእነዚህ ቦይለሮች የሚወጣውን ረቂቅ አንብበው ሦስት ነገር ሊጠይቁ ይገባል፦ አካፋዩ ይነገር፣ ቦይለሩ በሚሠራበት ጭነት ሁሉ ይፈተሽ፣ ጭሱም ከብቃቱ ጋር በአንድ ገጽ ይጻፍ። እነዚህን የማያሟላ ደረጃ ቁጥሩ የቱንም ያህል የተጣራ ቢሆን ፍትሐዊ ሚዛን አይባልም።