«ሰብር አድርግ» ብለን የምናልፈው ወጣት



በመካከላችን በካንሰር የታመመ ወጣት ሲኖር የምናደርገውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ገንዘብ እናዋጣለን፣ ከጁምዓ ሰላት በኋላ እርዳታ እንጠይቅለታለን፣ ዱዓ እናደርጋለን፣ በተራ እየሄድን እንዘይረዋለን። ይህ ሁሉ መልካም ሥራ ነው፤ አላህ (ሱ.ወ.) ይቀበለን። ነገር ግን አልጋው አጠገብ ተቀምጠን የምንናገረውን ልብ ብለን ብናዳምጥ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ቃል አያልፍም፦ «ሰብር አድርግ»። ልጁ ስለ ፍርሃቱ ሊናገር አፉን ሲከፍት «እንዲህ አይባልም፣ የአላህ ቀደር ነው» እንለዋለን። እህታችን ስታለቅስ «ኢማንሽን አጠንክሪ» እንላታለን። ሰብር የተባለው ታላቅ ዒባዳ በእኛ ምላስ የታማሚ አፍ መዝጊያ እንዳይሆን ስለምሰጋ ነው ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት።

ለመሆኑ ሰብር ዝም ማለት ነውን? ነቢዩ ያዕቁብ (ዐ.ሰ.) ልጃቸውን ዩሱፍን ባጡ ጊዜ መልካም ሰብር እንደሚያደርጉ ተናግረዋል። ይሁንና ከኀዘን ብዛት ዓይኖቻቸው እስኪነጡ ድረስ እንዳለቀሱ በዚያው በሱረቱ ዩሱፍ ተነግሮናል። ልጆቻቸው ቢወቅሷቸውም ብሶታቸውን ለጌታቸው ከማሰማት አልተቆጠቡም። ነቢዩ አዩብም (ዐ.ሰ.) በሕመም ሲፈተኑ ጉዳት እንዳገኛቸው ለአላህ ተናግረዋል። አላህም ታጋሽ ባሪያ መሆናቸውን በሱረቱ ሷድ መሰከረላቸው። ነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ሕፃኑ ልጃቸው ኢብራሂም ነፍሱ ልትወጣ ስትቃረብ አንብተዋል፤ በሁኔታው የተገረመ ሰሐባ ሲጠይቃቸውም እንባው የእዝነት መሆኑን ነግረውታል። እነዚህ ታላላቅ ነቢያት ካለቀሱ፣ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሲያለቅስ ኢማኑን የምንጠራጠረው በምን ማስረጃ ነው?

ወንድሞችና እህቶች፣ ይህ በሽታ በወጣት ላይ ሲመጣ ሥጋን ብቻ አይነካም። ጓደኞቹ ማትሪክ ሲፈተኑ እርሱ መድኃኒት በደም ሥሩ እየገባ ተኝቷል። ልጃገረዷ ፀጉሯ ሲረግፍ ከመስተዋት ትሸሻለች። እናቱ ወርቋን፣ አባቱ ከብቱን ሲሸጡ እያየ «ሸክም ሆንኩባቸው» ይላል። ረመዳን ሲገባ ቤተሰቡ ሲጾም እርሱ መብላቱ ያሸማቅቀዋል። አላህ ለታማሚ በግልጽ ፈቅዷል፤ የሚድን በኋላ ቀዷ ያወጣል፣ መዳኑ ተስፋ የማይደረግለት ደግሞ ድሃ ያበላል። ይህን ቁጭ ብሎ የሚያስረዳው ስንት ኡስታዝ አለ? ከሁሉም የከፋው ግን «ምን ኃጢአት ሠርቼ ነው?» የሚለው ጥያቄ ነው። የአብዛኞቹ የልጅነት ካንሰሮች መነሻ በሕክምናው ዓለም ገና አይታወቅም። በሃይማኖታችን ደግሞ ሙእሚንን የወጋው እሾህ እንኳ ወንጀሉ የሚማርበት መሆኑን ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረውናል። ታዲያ እኛ ከየት አምጥተን ነው ሕመሙን ቅጣት የምናደርገው?

ሐኪሞች እንደሚያስረዱት የተከፋ ልብ ሕክምናውንም ያሰናክላል። ተስፋ የቆረጠ ታማሚ ቀጠሮ ይቀራል፣ መድኃኒት ያቋርጣል። ከሁለት ሳምንት በላይ እንቅልፍ ያጣ፣ ከሰው የራቀ፣ ይወደው የነበረውን ሁሉ የተወ ወጣት «ጠባዩ ተለወጠ» ተብሎ መተው የለበትም። መኖር እንደማይፈልግ የተናገረ ከሆነም ብቻውን ሳይተዉት በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ሊያደርሱት ይገባል።

እዚህ ላይ ሐፍረት ይመጣል። በከተማችን «አማኑኤል» የሚለው የሆስፒታል ስም ራሱ መሰዳደቢያ ሆኖ ኖሯል። «ልጄ አላበደም» ብሎ የሚቆጣ አባት ብዙ ነው። ሌላው ደግሞ ነገሩን ሁሉ ለጂን ሰጥቶ በሩቅያ ብቻ ይወሰናል። ሩቅያ ሱና ነው፤ ነገር ግን ታመን እንድንታከም ያዘዙንም እኚያው ነቢይ (ሰ.ዐ.ወ.) ናቸው። ከሺህ ዓመት በፊት በ934 ያረፉት ሙስሊም ሊቅ አቡ ዘይድ አል-በልኺ ስለ ሥጋና ስለ ነፍስ ጤንነት በጻፉት ኪታብ፣ ሰው ለአካሉ መድኃኒት እንደሚያስቀምጥ ሁሉ ለነፍሱም የሚያረጋጋ አስተሳሰብ በጤናው ጊዜ እንዲያዘጋጅ መክረዋል። ስለዚህ የሥነ ልቦና ሕክምና ከምዕራብ የመጣ እንግዳ ነገር ነው ማለት የራስን ታሪክ አለማወቅ ነው።

ከሕመሙ የዳነውስ? ሱልጣን ቀላውን በ1284 በካይሮ ባሠሩት ሆስፒታል፣ ታማሚ ድኖ ሲወጣ ወዲያው ለሥራ እንዳይገደድ ገንዘብ ይሰጠው እንደነበር ተጽፏል። እኛ ግን ሕክምናው ባለቀ ማግስት «አልሐምዱ ሊላህ፣ ዳነ» ብለን እንበታተናለን። የዳነው ወጣት ለክትትል በሄደ ቁጥር በሽታው ተመልሶ ይሆን እያለ ሌሊቱን ሳይተኛ ያነጋል፤ ከትምህርቱ ወደ ኋላ ቀርቷል። ለኒካሕ ሲጠየቅለት «እርሱ እኮ ታሞ ነበር» ይባላል። ይህ ሰውን ከሞት አውጥቶ በሕይወት ሳለ መቅበር አይደለምን? ካንሰር ተላላፊ አይደለም። ሁልጊዜም የሞት ፍርድ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም በየዓመቱ 400 ሺህ ያህል ሕፃናትና ወጣቶች በካንሰር ይያዛሉ። በሀብታም አገሮች ከመቶው ከ80 በላይ የሚሆኑት ሲድኑ በድሃ አገሮች የሚድኑት ከ30 ያነሱ ናቸው። ልዩነቱ የሚመጣው በጊዜ ከመታወቁ፣ ከሕክምናውና ሳያቋርጡ ከመከታተል ነው። ሳያቋርጡ ለመከታተል ደግሞ የሚያጽናና ሰው ያስፈልጋል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? መጀመሪያ እናዳምጥ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ያገለግላቸው የነበረ አንድ አይሁዳዊ ልጅ በታመመ ጊዜ ሄደው ራስጌው ተቀምጠዋል። ለሃይማኖታቸው ባዕድ ለነበረ ልጅ ይህን ካደረጉ፣ ለራሳችን ልጆች ምን ያህል ይገባል! ሁለተኛ፣ ዕድሜው የሚፈቅደውን ያህል እውነቱን እንንገረው፤ የሚደበቅበት ልጅ ከሹክሹክታችን የከፋውን ይገምታል። ሦስተኛ፣ የመስጂድ ኮሚቴዎቻችን ለመድኃኒት ከሚሰበስቡት ላይ ለሥነ ልቦና ምክርና ከክፍለ ሀገር ለሕክምና ለሚመጡት ማረፊያ ያስቡ። ልጃቸውን በደም ካንሰር ያጡ ወላጆች ኀዘናቸውን ወደ ሥራ ለውጠው እ.ኤ.አ. በ2004 የማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲን መሥርተዋል። እንዲህ ያለውን በጎ ሥራ ልናግዝ፣ በየጀመዓችንም የራሳችንን ልንጀምር ይገባናል። አራተኛ፣ ከበሽታው የዳኑ ወጣቶች ገና በሕክምና ላይ ያሉትን እንዲጎበኙ እናድርግ፤ በዚያው መንገድ አልፎ የመጣ ሰው የሚናገረው ከእኛ ምክር ሁሉ ይበልጣል።

ከዚያ በኋላ «ሰብር አድርግ» ብንለው ያምርብናል። ሸክሙን አብሮ የተሸከመ ሰው ቃል ልብ ይገባልና።

አላህ (ሱ.ወ.) ታማሚዎቻችንን ይፈውስ፣ የዳኑትን በዓፊያ ያቆይ፣ ያዘኑትን ያጽናና፤ እኛንም የሚሰማ ጆሮና የሚራራ ልብ ይስጠን። አሚን።