የሚስማር ቀዳዳ

በአንድ ደጋ ከተማ ከአባታቸው አንድ ግቢ የወረሱ ሁለት ወንድማማቾች ነበሩ። ግቢውን ለሁለት ሲካፈሉት በሩ አንድ ሆኖ ቀረ። በሩ ጠባብ ነው፤ ጭድ የጫነ አህያ ሲገባበት የሚወጣው ሰው ቆሞ መጠበቅ አለበት። ጠቡም የተነሣው ከዚሁ ነው። «እኔ ልቅደም»፣ «ላምህ አጥሬን ገፋች»፣ «ጭድህ መንገዴን ዘጋው» እየተባባሉ በሽማግሌ የጀመሩት ነገር ፍርድ ቤት ደረሰ። በመጨረሻ መነጋገሩም ቀረ። ታላቅየው «ዓይኑን ማየት አልፈልግም» ብሎ ወደ ወንድሙ ግቢ የሚያየውን መስኮት በአሮጌ ቆርቆሮ አስመታው። ቆርቆሮው ጣሪያ ላይ ሳለ ሚስማር የበሳው አንድ ቀዳዳ ነበረበት።

በማግስቱ ጠዋት ጋደም እንዳለ፣ ፀሐይ የታናሹን ግቢ ስታገኘው፣ ከመስኮቱ ትይዩ ባለው ኖራ የተቀባ ግድግዳ ላይ አንዳች ቀለም ተንቀሳቀሰ። ዓይኑ ጨለማውን እየለመደ ሲሄድ ነገሩ ጠራለት። የወንድሙ ዝግባ ሥሩ ወደ ጣሪያ፣ ጫፉ ወደ ወለል ሆኖ ተዘቅዝቋል። የማድ ቤቱ ጭስ ወደ ታች ይወርዳል። የወንድሙ ሚስት ሰሌን ላይ በርበሬ ታሰጣለች፤ በርበሬው ከኮርኒሱ ሥር ይቀላል፣ እሷም ተዘቅዝቃ ወዲያ ወዲህ ትላለች። ድምፅ የሚባል የለም። ሰውየው «አስመተተብኝ!» ብሎ ደነገጠ። ጠበል ረጨበት፤ ጠበሉ ግድግዳው ላይ ወረደ እንጂ ሥዕሉ አልጠፋም። ፍርሃቱ ሲያልፍለት ደግሞ አንድ ዓይኑን ቀዳዳው ላይ ደቅኖ ወንድሙን ይሰልል ጀመር።

ነገሩ እንቅልፍ ሲነሣው ሁለት ሰዎች አስጠራ፤ ቤተ ክርስቲያን የሚስሉ አንድ አለቃና የከተማውን የፊዚክስ መምህር።

አለቃ ግድግዳውን አይተው ዝም አሉ። እሳቸው በተማሩት የጥንቱ አሣሣል የቅዱሳን ጥላ መሬት ላይ አይወድቅም፤ ብርሃኑ ከአንድ ወገን ስለማይመጣ ፊታቸው በሙሉ ይበራል። «ዕድሜዬን ሙሉ ቀለም ስበጠብጥ ኖሬ እንዲህ ያለ ሰማያዊ አላወጣሁም» አሉና «ማን ሣለው?» ብለው ጠየቁ።

«ብርሃን ራሱ ነው» አለ መምህሩ። «ጋሼ፣ መተት አይደለም። ብርሃን የሚሄደው ቀጥ ብሎ ነው። ከዝግባው ጫፍ የተነሣው በቀዳዳው አልፎ ቁልቁል ይወርድና የግድግዳው ግርጌ ላይ ያርፋል፤ ከሥሩ የተነሣው ሽቅብ ወጥቶ ኮርኒሱ ሥር ያርፋል። በእርስዎም ዓይን ውስጥ ዓለም የሚሣለው እንዲሁ ተገልብጦ ነው። ኬፕለር የተባለ ሊቅ በ1604 እንደ ፈረንጆቹ ጽፎታል። አቅንቶ የሚያነብልን አእምሯችን ነው። ሰኔ 14 ቀን 2012 ላሊበላ ላይ ጨረቃ ፀሐይን ሸፍና ዳር ዳሩን እንደ ቀለበት አላስቀረችውም? እንዲህ ባለ ቀን ዛፍ ሥር ቆሞ ቁልቁል ያየ ሰው መሬቱ በቀለበት ተሞልቶ ያገኘዋል፤ በቅጠሎቹ መካከል ያለው እያንዳንዱ ክፍተት የፀሐይን መልክ ያሳልፋልና።»

ታላቅየው ግን ሐሳቡ ሌላ ጋ ነበር። «ዛፉም፣ ጭሱም፣ ሴትዮዋም፣ ያ ሁሉ በዚህች ቀዳዳ አብሮ ገባ?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ታዲያ እንዴት አልተቀላቀለም?»

ከዚህ የተሻለ ጥያቄ አልሰማሁም። ከሺህ ዓመት በፊት ገደማ ኢብን አል-ሀይሰም የመረመረውም ይህንኑ ነበር። የባስራ ተወላጅ ነው፤ ወደ ካይሮ የመጣው የዓባይን ጎርፍ ሊገራ እንደሆነና እንዳልቻለ ይተረካል። ዓባይን ያልገራው ሰው ስለ ብርሃንና ስለ ማየት ታላቅ መጽሐፍ ጻፈ፤ በጨለማ ክፍል ቀዳዳ ትይዩ ብዙ መብራቶችን ከውጭ አስቀምጦም ብርሃናቸውን ፈተነ።

መምህሩ «ያንኑ እናድርገው። ግን መብራቶቹ መቆም ያለባቸው ወንድምዎ ግቢ ውስጥ ነው» ሲል የታላቅየው ፊት ተለዋወጠ። አለቃ ቆርቆሮው ላይ የጣት አሻራውን፣ ግንባሩ ያሳረፈውንም ወዝ አይተው ነበር። «ልጄ፣ እኛ ክፉውን ሰው እንዴት አድርገን እንደምንስለው ታውቃለህ? በጎኑ፣ አንድ ዓይኑ ብቻ እንዲታይ አድርገን ነው። ጻድቁ ሁለት ዓይን አለው። አንተ ወንድምህን ስታየው የሰነበትከው በስንቱ ነው?»

መልስ አልሰጠም። ማታ መምህሩ ታናሽየውን ለምኖት ሦስት ኩራዞች ከዝግባው ሥር ተደረደሩ። ጨለማው ክፍል ውስጥ ግድግዳው ላይ ሦስት የብርሃን ነጠብጣቦች ጎን ለጎን ታዩ። መምህሩ «በሉ፣ እርስዎ ይዘዙት» አለ። ታላቅየው ብዙ ቆየ። ጉሮሮውን ጠረገ። ከአባታቸው ተዝካር ወዲህ ለወንድሙ ያወጣው የመጀመሪያ ቃል በቆርቆሮው በኩል ወጣ፦

«የመካከለኛውን ሸፍነው!»

«እሺ፣ ወንድምዓለም» የሚል ድምፅ መለሰ።

መካከለኛው ነጠብጣብ ጠፋ፤ ሁለቱ ከቦታቸው አልተነቃነቁም፣ አልደበዘዙምም። እጁን ሲያነሣ የጠፋው እዚያው ስፍራው ላይ ተመለሰ። ሦስቱም ብርሃን በአንዲት የሚስማር ቀዳዳ እየተላለፈ፣ አንዱ ሌላውን ሳይገፋ የየራሱን ቦታ ይዟል። «እንደገና» አለ ታላቅየው። ዳረኛው ተሸፈነ። «እንደገና!» ኩራዞቹ ጋዝ እስኪጨርሱ ሲያሸፍንና ሲያስገልጥ አመሸ።

በሳምንቱ ክሱን አነሣ። ታናሽየው ቆርቆሮውን ሊነቅለው ሲመጣ «ተወው፣ ልጆቹ ይዩበት» አለው፤ እውነትም የሁለቱም ልጆች ጠዋት ጠዋት ከግድግዳው ፊት እየተሰበሰቡ የተዘቀዘቀውን ዝግባ ያያሉ። በሩ ዛሬም ያው ጠባቡ በር ነው። ጭዱም ላሙም በየተራ ያልፋል።

እናንተም ሞክሩት። ፀሐያማ ደጅ የሚያይ መስኮት በካርቶን ሸፍኑና በሚስማር አንድ ጊዜ ብቻ ብሱት። ሌላውን ብርሃን ሁሉ ዝጉ፣ ትይዩው ላይ ነጭ ነጠላ ስቀሉ፣ ዓይናችሁ ጨለማውን እስኪለምድ ታገሡ። ከውጭ የሚቆምላችሁ ሰው ግን ያስፈልጋል፤ የተኳረፋችሁት ጎረቤት ካለ እሱን ጥሩት።