«አይቻልም» ማለትም ዕውቀት ነው

ዕድሜውን ሙሉ «ይህ አይቻልም» የሚለውን ሲያረጋግጥ የኖረ ምሁር ለወገኑ ሠራ ይባላልን? ጥያቄው የጉንደ ወይን ገበሬም ነው፤ ዩኒቨርሲቲ የሚቆመው እርሱም በሚከፍለው ግብር ነውና።

የሂሳባዊ ሎጂክን ነገር እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1936 እንግሊዛዊው አላን ቱሪንግ፣ የማናቸውንም የሎጂክ ዓረፍተ ነገር መረጋገጥ አለመረጋገጥ በስሌት ብቻ የሚለይ አጠቃላይ ዘዴ ከቶ እንደማይኖር አስረዳ። ለዚሁ ማስረጃ ሲል በሐሳቡ የፈጠራት መሣሪያ ግን የኮምፒዩተር ሳይንስ መሠረት ሆነች። «አይቻልም» ሲል የሚቻለውን ወለደ። በ1950 ደግሞ ማሽን ያስባል ወይ የሚለውን ጥያቄ አነሣ።

እኔ ግን በዚህ ፍሬ ብቻ ልሟገት አልሻም፤ ፍሬው ሳይታይ የሚያልፍ ተመራማሪ ብዙ ነውና። የጎጃም ገበሬ ለቆሎ ተማሪ ቁራሽ ሲሰጥ የኖረው ቅኔው እህል ያበቅልልኛል ብሎ አልነበረም። «ቁራሽ በፈቃድ ይሰጣል፤ ግብር ግን በግድ ይከፈላል» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው፤ ስለዚህም የምሁሩ ዕዳ ይከብዳል።

ዕዳው ምንድን ነው? በእኔ አስተያየት ድንበሩን ያወቀ ሰው ድንበሩን መናገር አለበት። ዛሬ «ማሽን ሁሉን ይፈርድልሃል» የሚል ሻጭ ሲመጣ፣ የሚቻለውን ከማይቻለው ለይቶ ገበሬው በሚሰማው ቋንቋ የሚያስረዳ ማን ነው? የቅኔ መምህር ቤት ያልመታውን ቅኔ «አይሆንም» ብሎ የሚመልሰው ተማሪውን ጠልቶ አይደለም። የሎጂክ ሊቅም እንዲሁ ነው፤ ዝም ካለ ግን የበላውን አልከፈለም።