ነውሩን አውቆ ስለ መግዛት

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ከሚወስደው መንገድ ጥቂት ገባ ብሎ በሚገኝ አንድ ደብር አጠገብ፣ ዕድሜያቸው ከሰማንያ ያለፈ፣ የዓይናቸው ብርሃን ደክሞ ሰውን በድምፁ ብቻ የሚለዩ፣ በወጣትነታቸው ከዋሸራም ከጎንጅም መምህራን ያገኙትን የቅኔ መንገድ ግን ሳያጎድሉ በልባቸው የያዙ አንድ መምህር ይኖራሉ። እኔም ከማስተማር ሥራዬ በጡረታ ከተሰናበትሁ ወዲህ ማክሰኞና ቅዳሜ እየሄድሁ፣ በመደባቸው አጠገብ ተቀምጬ የሚነግሩኝን እጽፋለሁ፤ የምጽፈውም መጻሕፍት የመዘገቡትን ሳይሆን፣ የትኛው መምህር በየትኛው በዓል ምን እንደ ተቀኘ፣ ተማሪው ምን ብሎ እንደ ጠየቀና ምን ተብሎ እንደ ተመለሰለት፣ ከአፍ ወደ ጆሮ ብቻ ሲተላለፍ የኖረውን ነገር ነው። ይህን የምጽፍበት ላፕቶፕ ካለፈው የበርበሬ ለቀማ ወራት ጀምሮ መታመም ያዘ። የመንገዱ አፈርና የአውድማው ትቢያ በቁልፎቹ ሥር ገብቶ ኖሮ፣ አንዳንዱ ቁልፍ አንድ ጊዜ ሲነኩት ሁለት ጊዜ ይመልሳል፤ አንዳንዱም ሦስት ጊዜ ቢነኩት አይሰማም።

ነገሩ ከፈረንጅ ጸሐፊ ይልቅ ለእኛ ይከብዳል። በላቲን ፊደል ቁልፎች አማርኛና ግእዝ የምንጽፍ ሰዎች ለአንዱ ፊደላችን አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ቁልፍ እንነካለን፤ የመጀመሪያው ፊደሉን በሳድስ ያቆምልናል፣ ሁለተኛው ወደሚገባው ድምፅ ያዞርልናል። ስለዚህ ራብዑን የሚያወጣው ቁልፍ በደነዘዘ ጊዜ ፊደሉ አይጠፋም፤ በሳድስ እንደ ቆመ ይቀራል እንጂ። ቃል ያልሁት ቅል ይሆናል፤ ዳኛ ድኝ፣ ባል ብል፣ ካሳም ክስ ይሆናል። በፍርድ ቤት ደጅ ተቀምጦ ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው እንዲህ ያለ ቁልፍ ቢገጥመው፣ ካሳ ሊጠይቅ የመጣውን ባለጉዳይ ክስ ጠያቂ አድርጎ ይሰደዋል ማለት ነው። ይህ ዓይነት ስሕተት ፊደል ፈጽሞ ከመጥፋቱ የከፋ መሆኑን ከብዙ ድካም በኋላ ተረዳሁ፤ የተቈረጠ ቃል መቈረጡን ራሱ ለአንባቢው ይናገራል፣ ይህ ግን ሌላ ሙሉ ቃል ሆኖ በሰው ወንበር ይቀመጣልና።

በውጭ አገር የሚኖር የእኅቴ ልጅ ይህን በሰማ ጊዜ፣ «ጋሼ፣ ለገና ስመጣ አዲስ ላፕቶፕ ይዤልዎ ልምጣ፤ ግማሹን ዋጋ እርስዎ ይክፈሉ፣ ግማሹ የእኔ ስጦታ ይሁን» አለኝ። ልጁ ግን ነገር የማይደብቅ ነውና፣ የመረጠው ዕቃ በፍጥነቱም በባትሪውም የተመሰገነ ሲሆን ስለ ቁልፎቹ ግን የሚያማርሩ ሰዎች መብዛታቸውን አብሮ ነገረኝ፤ «እኔ አልወስንልዎም፤ አስበው ይንገሩኝ» ብሎም ተወኝ። እነሆ ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህ ሥጋዊ የሚመስል ጉዳይ ከኅሊናዬ አልወጣም።

የቁልፍ ነውር በትልቁም ኩባንያ ቤት የገባ ነገር ነው። አፕል የተባለው ኩባንያ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2015፣ ላፕቶፑን እጅግ ለማሳሳት ሲል «ቢራቢሮ» የሚባል አዲስ የቁልፍ አሠራር አወጣ፤ ቁልፉ ሲነኩት የሚወርድበት ርቀት በጣም አጭር ስለ ነበረ፣ ጥቂት ትቢያ ከሥሩ ከገባ ቁልፉ ይያዛል ወይም ፊደሉን ይደግማል። የሰዎች አቤቱታ ከበዛ በኋላ ኩባንያው በ2018፣ ከተሸጡበት ቀን እስከ አራት ዓመት ድረስ ያሉትን በነፃ ለመጠገን ተስማማ፤ ከ2019 መጨረሻ ጀምሮም ያንን አሠራር እየተወ ወደ ቀድሞው ተመለሰ፤ በ2022 ደግሞ ጥፋቱን ሳያምን፣ ክሱን በ50 ሚሊዮን ዶላር ለመጨረስ ተዋዋለ። እኔን ከዚህ ሁሉ ይልቅ ያሳሰበኝ የአሠራሩ ጠባይ ነው፤ የፊደሉ ገበታ ከላይኛው አካል ጋራ በብረት ስለ ተመታ፣ ባትሪውም ከዚያው ላይ ስለ ተጣበቀ፣ ስለ ጥቂት ቁልፎች ሲባል አካሉን በሙሉ መለወጥ ያስፈልግ ነበር።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፦ ነውሩን እያወቀ የሚገዛ ሰው አማኝ ነውን፣ ወይስ ደፋር? ቅዱስ መጽሐፍ በዚህ ነገር በሁለት ወገን የሚናገር ይመስላል። በሉቃስ ወንጌል 14ኛ ምዕራፍ ጌታችን ግንብ ለመሥራት ያሰበውን ሰው ከመጀመሩ በፊት ተቀምጦ ወጪውን እንዲያስብ ያስተምረዋል፤ በመጽሐፈ መክብብ 11ኛ ምዕራፍ ደግሞ ሰማይንና ነፋስን ሲመረምር የሚውለው ገበሬ ዘሩን ሳይዘራ ወራቱ እንደሚያልፍበት ጠቢቡ ያስጠነቅቃል። ብዙ ሰዎች ከሁለቱ አንዱን ለጠባያቸው የሚስማማውን ይመርጣሉ፤ ፈሪው ግንበኛውን ይጠቅሳል፣ ችኩሉም ገበሬውን። በእኔ አሳብ ግን ሁለቱ የሚጣሉ አይደሉም፤ የመጀመሪያው በእጃችን ስላለው ነገር፣ ሁለተኛው ከእጃችን ስለ ወጣው ነገር የተነገረ ነውና። ዝናቡን ለመግቦተ እግዚአብሔር መተው ይገባል፤ የማረሻውን መሳል ግን ለመግቦት ትቶ በደነዘ ብረት እርሻ የሚወጣ ሰው፣ ከመቅደሱ ጫፍ ራስህን ወርውር የተባለውን የፈተና ድምፅ ሰምቶ የታዘዘ ነው እንጂ የታመነ አይደለም። እኔም ልጁን «ምንም አይደለም፣ አምላክ ያውቃል» ብዬ ለመመለስ አፌን ከፍቼ ነበር፤ ስንፍናዬን በእምነት ስም መሸፈኔን ባየሁ ጊዜ ዝም አልሁ።

በቡሬ ገበያ በሬ የሚገዛ ገበሬ ምን እንደሚያደርግ ማየት ከብዙ መጻሕፍት ይልቅ ያስተምራል። ጥርሱን ገልጦ ዕድሜውን ያያል፤ ወዲያና ወዲህ አስኪዶ እግሩን ይመለከታል፤ አመሉንም ሻጩን ይጠይቃል፤ በመጨረሻ ግን ይህን ሁሉ አይቶ ስለማያረካው፣ «ዋስ ጥራ» ይላል። ዋሱ የበሬውን ነውር የሚያርቅ ሰው አይደለም፤ ነውር በተገኘ ጊዜ ስሙ ተጠርቶ የሚቆም ሰው ነው። ለላፕቶፕም «ዋስትና» ይሰጣል፤ ቃሉ ከዚያው ሥር የበቀለ ነው፤ ነገር ግን የዚህ ዋስትና ዋስ ማን ነው? ቁልፉ በግንቦት በፍኖተ ሰላም ቢያዝ፣ የፈረመልኝ ሰው ባሕር ማዶ ነው፤ ዕቃውን ልኬ መልሼ እስካገኝ ድረስ የሚያልፈውን ማክሰኞና ቅዳሜ የሚመልስልኝ የለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ነውር ኃላፊ እንዲሆን አዝዞ ሳለ፣ ገዢው በውሉ ጊዜ ነውሩን አውቆ ከሆነ ግን ያን መከታ ይነሣዋል። ይህን ሕግ ጨካኝ አልለውም። አውቆ የገዛ ሰው ኃላፊነቱን ከሻጩ ትከሻ አውርዶ በራሱ ትከሻ አድርጎታልና።

ይህን ባሰብሁ ጊዜ ግን ሌላ ነገር ታየኝ፤ ከዚህ በፊት እንዴት ሳላየው እንደ ቀረሁ ይገርመኛል። ነውሩን ያወቅሁ እኔ ነኝ፤ ቁልፉ ቢከዳ የሚጎዳው ግን እኔ አይደለሁም። የሚጎዱት መምህሩ ናቸው፣ የተጻፈውን በዓይናቸው አይተው ሊያርሙ የማይችሉት፤ ከእርሳቸውም ይልቅ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ገጹን ከፍቶ «ቅል» የሚለውን አንብቦ፣ ከዚያም ላይ ምሥጢር ለማውጣት የሚደክመው ተማሪ ነው። ወጪን የሚያስብ አንዱ ሆኖ ወጪውን የሚከፍለው ሌላው የሆነበት ነገር በአገራችን ብዙ ነው። ጢስ ዓባይን በልጅነቴ ያየሁት ጢሱ ከሩቅ ሲነሣ ነበር፤ በ1964 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር የመጀመሪያው የመብራት ኃይል ማመንጫ ከፏፏቴው አጠገብ ሥራ ጀመረ፣ በ2001 ደግሞ 73 ሜጋዋት የሚያመነጨው ሁለተኛው ተጨመረ፤ ውኃውም ወደ መዘውሩ በተመለሰ ጊዜ ጢሱ ሳሳ። መብራቱ አላስፈለገም አልልም፤ እኔም የምጽፈው በመብራት ነው። ሒሳቡ በተሠራ ጊዜ ግን ጢሱን ወክሎ የተቀመጠ ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ታዲያ እንከን የሌለበት መሣሪያ እስኪገኝ ልጠብቅን? ፊደላችን ራሱ እንዲህ ጠብቆ ቢሆን ኖሮ ገና አልተጻፈም ነበር። ኢንጂነር አያና ብሩ ለአማርኛ የጽሕፈት መኪና ባሰናዱ ጊዜ ከሁለት መቶ የሚበልጠው ፊደል ለላቲን በተሠራ ገበታ ላይ አልበቃ ስላለ፣ ቅጥያውን ከፊደሉ ለይቶ በማስቀመጥ ካልሆነ መንገድ አልነበረም፤ ከዚያም በኋላ የመጡት መኪናዎች ያወጡት ጽሕፈት እግሩ ከአካሉ የራቀ፣ ለቁም ጸሐፊ ዓይን የሚያሳዝን ነበር። ሆኖም መሥሪያ ቤቶቻችን ስንት ዘመን ደብዳቤያቸውን ጻፉበት። ፊደላችን በዩኒኮድ ቦታውን ያገኘው በ1999 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው፤ እስከዚያ ድረስ ብንጠብቅ ስንት ነገር ከባለቤቱ ጋራ በተቀበረ ነበር። የኔታም ከሰማንያ አልፈዋል፤ በክረምት ሳላቸው ይበረታል።

የብራና ጸሐፊዎችም ቢሆኑ ፍጹም መሣሪያ አልነበራቸውም። የፍየሉ ቆዳ ቀዳዳ ይወጣዋል፤ የሸምበቆው ብዕር ይደነዝዛል፤ ጸሐፊውም ደክሞት መስመር ይዘላል። ነገር ግን ብዕሩ ሲደነዝዝ በካራው ይቀርጸዋል፤ የተሳሳተውን ፍቆ ይጽፋል፤ የዘለለውንም ቃል በሁለቱ መስመሮች መካከል በደቃቅ ፊደል ያገባዋል። የሚያርም ሌላ ሰው ከጎኑ ነበረ። የእነዚያ መጻሕፍት ታማኝነት ከብዕሩ አልመጣም፤ አንድ ሰው በመስመሮቹ መካከል ለመጨመር ካላፈረው እጅ ነው የመጣው። እኔ ግን በሰሌዳው ላይ ተስተካክሎ የሚታየውን ጽሕፈት እያመንሁ፣ የጻፍሁትን አንድ ጊዜ እንኳ ለየኔታ መልሼ ሳላነብላቸው ሁለት ዓመት አልፏል።

ለልጁ መልስ ላክሁ። ዕቃውን እንዲያመጣልኝ፣ ከእርሱም ጋራ በሽቦ የሚቀጠል፣ ሲበላሽ ብቻውን የሚጣልና የሚለወጥ ዋጋው ያነሰ የፊደል ገበታ እንዲጨምርልኝ፣ ከመግዛቱም በፊት የዕቃው ቁልፎች ሳይገነጣጠል የሚወልቁ መሆናቸውን ጠይቆ እንዲያረጋግጥ፣ የማይወልቁ ከሆነ ከእርሱ የሚወፍረውንና የሚዘገየውን ሌላ እንዲመርጥ ጻፍሁለት።

በማግሥቱ ማክሰኞ ለየኔታ ነገሩን ሁሉ ነገርኋቸው። ስለ ኩባንያውም ስለ ዋጋውም አልጠየቁኝም፤ ጥቂት ዝም ብለው፣ «ከእኔ የጻፍኸውን የሚያርመው ማን ነው?» አሉኝ። እስከ ዛሬ ማንም አለመኖሩን ነገርኋቸው።

«እንግዲያውስ ከመጀመሪያው ጀምረህ አንብብልኝ» አሉና ጋቢያቸውን ደርበው ወደ ድምፄ ዞሩ። በሦስተኛው መስመር ላይ እጃቸውን አነሡ።