ልዑሉ ዶዘር ላይ

ገና በወጣትነቱ ሹመት የደረሰው ሰው የልዑል ራስ መንገሻ ስዩምን ታሪክ ቢመረምር ይጠቀማል። የዘር ሐረጋቸው ብቻውን ደጅ የሚያስከፍት ነበር፤ ቅድመ አያታቸው ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ፣ አባታቸው ልዑል ራስ ስዩም መንገሻ ናቸው። ያገቡትም የዐፄ ኃይለ ሥላሴን የልጅ ልጅ ልዕልት አይዳ ደስታን ነው። እንዲህ ያለ ሰው እጅ ሲነሱት ውሎ ቢያመሽ ማንም አይደነቅም ነበር።

እሳቸው ግን የአባቶቻቸውን አገር ትግራይን ከመግዛታቸው በፊት አርሲንና ሲዳሞን አስተዳድረዋል፤ የሥራና የመገናኛ ሚኒስትርም ሆነዋል። ወጣቱ እዚህ ላይ ልብ ይበል። አርሲ ላይ አቤቱታ ይዞ ለቆመ ባላገር የዮሐንስ ዘር መሆን መልስ አይሆነውም። ስለዚህ የመጀመሪያ ሹመት ከትውልድ ቀዬ ርቆ ሲደርስ የሚከፋው ወጣት መከፋቱን ቢተው ይሻለዋል፤ አጎትም ዘመድም በሌለበት አገር ሰው በሥራው ብቻ ይመዘናል።

በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ላይ በተደረገው የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ አባታቸው በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ተገደሉ። ልጅየው የትግራይን ጠቅላይ ግዛት የተረከቡት በዚህ ኀዘን መካከል ነው። ግዛቱም ቁስለኛ ነበር። በ1935 ዓ.ም የተነሣውን የቀዳማይ ወያነ ዐመፅ ለማፈን የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ከኤደን ተነሥተው መቀሌን ደብድበዋል፤ ያንን ያየ ሰው ገና በሕይወት ነበር።

አዲሱ ገዥ ታዲያ ዶዘር ላይ ወጡ! ለፎቶግራፍ አልነበረም፤ መሪውን ራሳቸው ይዘው አፈር እየገፉ መንገድ ይጠርጉ ነበር። የራስ ማዕረግ ያለው ሰው አቧራ ለብሶ ከሠራተኛ ጋር ሲውል ለዚያ ዘመን ባላባት ነውር የሚመስል ነገር ነው፤ ሰው ግን እስከ ዛሬ የሚያስታውሳቸው በዚሁ ነው። ወጣት ሹም ሁሉ ዶዘር ይንዳ ማለት አይደለም። ግን የውኃ ጉዳይ የተሰጠው ጉድጓዱ ሲቆፈር ይገኝ፤ የትምህርት ቤት ኀላፊ የሆነውም የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀምጦ ትምህርቱን ይከታተል።

ሙገሳው ብቻ ከተነገረ ምክሩ ይጎድላል። የአንድ ሰው ትጋት የሥርዓቱን ችግር አልፈታም። ገዥው ቢሠሩም ባይሠሩም ገበሬው ገዥውን መምረጥም መሻርም አይችልም ነበር። ወጣቱ በጉልበቱ ሲተማመን ይህን አይርሳ፤ ቢሮው ያለ እሱ የሚሠራበትን ደንብ ገና በመጀመሪያው ዓመት ይዘርጋ፣ ምክትሉንም ያሠልጥን።

ደርግ ሥልጣን ሲይዝ ራስ መንገሻ በረሃ ወጡ፤ ከዚያም ሱዳን ተሻግረው የኢትዮጵያ ዴሞክራሲያዊ ኅብረትን (ኢዲዩን) ከመሠረቱት አንዱ ሆኑ። ልዕልት አይዳ ግን አዲስ አበባ ላይ ተይዘው 14 ዓመት ያህል ታሰሩ። ሹመት የሚመኝ ሰው ይህንንም ከባለቤቱ ጋር ተቀምጦ ይነጋገርበት፤ ዕዳው የሚወድቀው በፈራሚው ላይ ብቻ አይደለምና።

ራስ መንገሻ «የትውልድ አደራ» የተባለ ግለ ታሪክ ጽፈዋል። መጽሐፉን ያነበበ ወጣት፣ በዚያ ዘመን ትግራይ ውስጥ ያረሰ ወይም ግብር የከፈለ አንድ ሽማግሌ ፈልጎ ያነጋግር፤ ሁለቱን ካስተያየ በኋላ የራሱን ፍርድ ይስጥ።