የተያዘ ቦታ ሐቁ የማን ነው?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ፣ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ዳርቻ፣ የሙቀት ወራት ሲመጣ እንግዳ የሚጎርፍባቸው ትንንሽ የወደብ ከተሞች አሉ። በእነዚህ ከተሞች ገንዘብ ያለው ሰው ጀልባ ለመግዛት አንድ ቀን ይበቃዋል። የገዛውን ጀልባ የሚያስርበት ቦታ ለማግኘት ግን አሥር ዓመትና ከዚያም በላይ ተራ ሊጠብቅ ይችላል። በማሳቹሴትስ ግዛት የምትገኘውና በሸራ ጀልባ ውድድር የታወቀችው ማርብልሄድ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናት። ሰዎች ስማቸውን በወደብ ሹሙ መዝገብ ላይ ያስጽፋሉ፤ ከዚያ በኋላ ሥራቸው መጠበቅ ነው። እነርሱ ሲጠብቁ ግን በወደቡ መካከል ባለፈቃዱ የማይመጣበት፣ ዓመቱን ሙሉ ጀልባ የማይታሰርበት ቦታ አይጠፋም።

«ይህ የባለጸጎች ጨዋታ ነው፤ ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ጀልባው የሩቅ ነው፤ ጥያቄው ግን የቅርብ ነው። የሁሉም በሆነ ነገር ላይ ቀድሞ ቦታ የያዘ ሰው ሐቁ እስከ ምን ድረስ ነው? ባይጠቀምበትስ የእርሱ እንደሆነ ይቀራልን? ሊሸጠው፣ ሊያወርሰውስ ይችላልን? የፊቅህ ሊቃውንት በዚህ ላይ ብዙ ደክመዋል። የእነርሱን ሚዛን ይዘን ወደዚያ ወደብ ብንሄድ የምናየው ነገር ለራሳችንም ይጠቅመናል።

በመጀመሪያ ባሕርን የሚያህል ነገር እንዴት ጠበበ? ክፍት ባሕር ላይ ጀልባ ታስሮ አያድርም፤ ማዕበል የማይበረታበት ወሽመጥ ያስፈልገዋል። በወሽመጡ ወለል ላይ ከባድ ድንጋይ ወይም ብረት ይጣላል፤ ከእርሱ ጋር ሰንሰለት፣ ከሰንሰለቱ ጫፍም ተንሳፋፊ ኳስ ይያያዛል። ጀልባው የሚታሰረው ከዚህ ኳስ ላይ ነው። በዚያ አካባቢ የባሕሩ ውሃ በቀን ሁለት ጊዜ ወደ 3 ሜትር ገደማ ከፍና ዝቅ ስለሚል ሰንሰለቱ ረዘም ማለት አለበት። ነፋሱ በዞረ ቁጥር ጀልባውም በሰንሰለቱ ልክ ይዞራል። ስለዚህ አንድ ጀልባ የሚይዘው የራሱን ወርድና ቁመት ብቻ ሳይሆን የሚዞርበትን ክብ በሙሉ ነው። ለመተላለፊያ የሚተወው መንገድ፣ ጥልቀት የሌለው ዳር፣ ዓሣ የሚያድግበት የባሕር ሣር ሲቀነስ የሚተርፈው ቦታ በቁጥር የታወቀ ይሆናል። ሀብት ጀልባን ያበዛል እንጂ ወሽመጥን አያሰፋም።

ውሃውስ የማን ነው? በማሳቹሴትስ ከእ.ኤ.አ 1640ዎቹ ጀምሮ በቆየው ደንብ መሠረት የባሕር ዳር መሬት ያለው ሰው ይዞታው እስከ ዝቅተኛው የውሃ ጠርዝ ሊደርስ ይችላል፤ ይሁን እንጂ በዚያ ላይ ሕዝቡ ዓሣ የማጥመድና በጀልባ የመተላለፍ መብቱ የተጠበቀ ነው። እ.ኤ.አ በ1866 የወጣው የውሃ መንገዶች ሕግም ይህንኑ የሕዝብ መብት የሚጠብቅ ነው። የወደብ ሹሙ ለጀልባ ማሰሪያ የሚሰጠው ፈቃድ በየዓመቱ የሚታደስ እንጂ ለዘለዓለም የሚሰጥ አይደለም። ፈቃድ የያዘ ሰው ባለ ርስት አይደለም፤ በጋራ ውሃ ላይ በተራው እንዲጠቀም የተፈቀደለት ሰው ነው።

ይህ አነጋገር ለሙስሊም ጆሮ እንግዳ አይደለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሰዎች በውሃ፣ በግጦሽና በእሳት ተጋሪዎች መሆናቸውን ማስተማራቸውን አቡ ዳውድ ዘግበዋል። ከየመን የመጣው ሶሐባ አብየድ ኢብን ሐማል በመእሪብ ያለውን የጨው ስፍራ እንዲሰጡት ሲጠይቃቸው ሰጡት። ከዚያ በቦታው ከነበሩት አንዱ ስፍራው ሳይቋረጥ እንደሚፈስ ውሃ ያለ መሆኑን፣ ማንም ሄዶ ያለ ድካም የሚያገኘው መሆኑን ሲያስረዳቸው መልሰው ወሰዱት። ሊቃውንቱ ከዚህ የተረዱት የብዙኃን ፍላጎት የተንጠለጠለበትና ሰው በድካሙ ያላስገኘው ነገር ለአንድ ሰው ብቻ ተለይቶ እንደማይሰጥ ነው። ከነፋስ የተጠለለ ወሽመጥም ማንም ሰው አልቆፈረውም፤ አላህ (ሱ.ወ.) የፈጠረው ነው።

ታዲያ የጋራ ነው ማለት የቀደመ ሰው ሐቅ የለውም ማለት ነውን? አይደለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አንድ ሰው ሌላውን ከተቀመጠበት አስነስቶ በቦታው እንዳይቀመጥ ከልክለዋል። ከመቀመጫው ለጉዳይ ተነስቶ የተመለሰ ሰውም ለዚያ ቦታ ከሌላው ይበልጥ የተገባ መሆኑን አስተምረዋል። የሙስሊሞች ገበያ እንደ መስጊዳቸው ነው፣ ወደ ቦታው የቀደመ ሰው እስኪለቅ ድረስ ቦታው የእርሱ ነው የሚል ትርጉም ያለው አባባልም ከሶሐቦች ተላልፏል። ስለዚህ ተራውን ጠብቆ ማሰሪያ ያገኘን ሰው ጉልበተኛ መጥቶ ቢያስነሳው ዙልም ነው። ባለ ትልቅ ጀልባ ወይም የሹሙ ወዳጅ ስለሆነ ሰልፉን ጥሶ የሚገባም በዳይ ነው።

ነገር ግን ይህ ሐቅ ወሰን አለው። ወሰኑን ከሁሉ አጥርቶ የሚያሳየው የቢላል ኢብን አል ሓሪስ ታሪክ ነው። ይህ ሙአዚኑ ቢላል ሳይሆን የሙዘይና ጎሳው ሶሐባ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የአል ዐቂቅን መሬት ሰጥተውት ነበር። ዑመር (ረ.ዐ.) ኸሊፋ ሲሆኑ ሰውየው መሬቱን በሙሉ ማልማት እንዳልቻለ አዩ። ጠርተውም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መሬቱን የሰጡህ ልትሠራበት እንጂ ሰው እንዳይጠቀምበት ልትከለክል አይደለም፤ የምትችለውን ያህል ያዝ፣ የቀረውን መልስ አሉት። እርሱም የነቢዩን ስጦታ አልመልስም ብሎ እምቢ አለ። ዑመር ግን ያላለማውን ወስደው ለሙስሊሞች አከፋፈሉት። ዘገባው በአቡ ዑበይድ «ኪታብ አል አምዋል» ውስጥ ይገኛል።

ልብ እንበል። ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እጅ ከተቀበለው ሰው የበለጠ ማስረጃ ያለው ባለይዞታ ከወዴት ይመጣል? ይህን የመሰለው ስጦታ እንኳ ከመጠቀም ጋር የተሳሰረ ከሆነ፣ በወደብ ሹም የተፈረመ ወረቀትማ ምን ሊሆን ነው? አቡ ዩሱፍ ለኸሊፋ ሃሩን አል ረሺድ በጻፉት «ኪታብ አል ኸራጅ» ደግሞ መሬት ከልሎ ያለ ሥራ የተወ ሰው ከሦስት ዓመት በኋላ ሐቅ እንደሌለው የዑመርን ውሳኔ አስፍረዋል። መቅደም ሐቅ ይሰጣል፤ ሐቁ ግን የሚኖረው ከመጠቀም ጋር ነው።

እዚህ ላይ ሊናቅ የማይገባ ተቃውሞ ይነሳል። አሥር ዓመት ተራ ጠብቆ ማሰሪያ ያገኘ ሽማግሌ አለ እንበል። ዘንድሮ ታሞ ጀልባውን ወደ ውሃ አላወረደም። አሥር ዓመት የጠበቀውን ቦታ በአንድ ዓመት ሕመም እንነጥቀው? ሊቃውንቱም በዚህ ተለያይተዋል። አል ማወርዲ እንደጻፉት አንዱ አመለካከት ነጋዴ የገበያ ቦታውን ለቆ ከሄደ ነገ ቀድሞ የደረሰ ይይዘዋል ይላል። ኢማም ማሊክ ግን በዚያ ቦታ የታወቀ ሰው ለቦታው ይበልጥ የተገባ ነው ብለዋል፤ ምክንያታቸውም ጠብንና ንትርክን መቁረጥ ነው። ሁለቱም ጥበብ አላቸው። በየቀኑ ጠዋት የሚሽቀዳደም ወደብ ሰላም አይኖረውም። በሌላ በኩል በሰው ስም ታስሮ የሚቀር ወደብ ፍትሕ አይኖረውም። የዑመር ሦስት ዓመት በሁለቱ መካከል የቆመ ይመስለኛል፤ ለታመመና ለተቸገረ ፋታ ይሰጣል፣ ለዘነጋ ግን በሩን አይተውለትም።

ሌላው ተቃውሞ የገበያ ነው። «ሰልፉን ተዉት፤ ቦታው ይሸጥ፣ ይበልጥ የፈለገው ይበልጥ ይከፍላል» የሚሉ አሉ። በካሊፎርኒያ ኒውፖርት ቢች ከተማ ለብዙ ዓመታት የሆነው ይህንኑ ይመስላል። ውሃው ከተማዋ ለሕዝብ በአደራ የምታስተዳድረው ሆኖ ሳለ ባለፈቃዶች ፈቃዳቸውን ለሌላ ሰው ማስተላለፍ ይችሉ ስለነበር፣ የማሰሪያው ቦታ በግለሰቦች መካከል በብዙ ሺሕ ዶላር ይሸጥ ነበር። ዋጋ የሚለካው ግን ፍላጎትን ብቻ ሳይሆን ኪስንም ነው። አንድ ባለጸጋ በዓመት ሁለት ቀን ለሚዝናናበት ቦታ የሚከፍለውን፣ በየቀኑ ጎሕ ሳይቀድ ለእንጀራው ወደ ባሕር የሚወጣ ዓሣ አጥማጅ ሊከፍል አይችልም። ከዚህም በላይ ሻጩ የሸጠው ምንድን ነው? ኳሱና ሰንሰለቱ የእርሱ ከሆኑ ዋጋቸውን ይውሰድ። ከሥራቸው ያለው ውሃ ግን የእርሱ አልነበረም።

በዚህ ረገድ የሜይን ግዛት ሕግ ሊጤን የሚገባው ነው። በዚያ ሎብስተር የሚባለውን ባለ መቆንጠጫ የባሕር እንስሳ በማጥመድ የሚኖሩ ብዙ ቤተሰቦች አሉ። ሕጉ የማሰሪያ ቦታ ከሰው ወደ ሰው እንዳይተላለፍ በመሠረቱ ይከለክላል። ከተሞች ሊፈቅዱ የሚችሉት አንድ ነገር ነው፤ ባለፈቃዱ ሲጠይቅ ወይም ሲሞት ለቤተሰቡ አባል ሊተላለፍ ይችላል፣ ይህም ቦታው ለዓሣ ማጥመድ ሥራ ማገልገሉን ከቀጠለ ብቻ ነው። ያ ሕግ ከሸሪዓ የተቀዳ አይደለም፤ ዳሩ ግን ፍትሕን የፈለገ ሕሊና አላህ ለሰው ልጅ በሰጠው ፊጥራ ወደዚያው አቅጣጫ ይመራል። የአባት ቦታ ለልጅ የሚደርሰው ልጁ የአባቱን ሥራ ሲሠራበት እንጂ ስሙን ስለወረሰ አይደለም።

ሕግ ግን ሁሉን አይደርስበትም። አንዳንድ ከተሞች ባለፈቃዱ በወቅቱ ውስጥ ለተወሰኑ ቀናት ጀልባውን ማሰሪያው ላይ እንዲያቆይ ያስገድዳሉ። ነፍሲያ ለዚህም መላ አታጣም፤ ተቆጣጣሪ ሲመጣ «ተይዟል» ለማሰኘት ብቻ ለምንም የማትረባ ታንኳ ታስሮ ይተዋል። ይህችን ታንኳ እኛ በሌላ መልኳ እናውቃታለን። በጁሙዓ ቀን ከመጀመሪያው ሶፍ ላይ መስገጃውን አስነጥፎ እቤቱ የሚቆይ ሰው አለ። ቀድሞ የመጣው ድሃ ያንን ባዶ መስገጃ እያየ ከኋላ ይቆማል። ኢብን ተይሚያ ይህን ድርጊት አጥብቀው አውግዘዋል፤ መቅደም የሚቆጠረው በሰውነት እንጂ በምንጣፍ አይደለምና። ባዶው መስገጃ ሶፉን ያጎድላል፣ ባዶዋ ታንኳም ወደቡን ታጠብባለች፤ ሁለቱም የሌለን ሰው ያለ አስመስለው የቆሙ ናቸው።

ከመስጊድ ደጅ ስንወጣም ነገሩ ይከተለናል። ሌላ ቤት ሠርቶ የገባ ሰው የቀበሌ ቤቱን ቁልፍ አይመልስም፤ ቆልፎ ይተወዋል፣ ወይም በውድ ያከራየዋል። ከገበያ የወጣ ነጋዴ የተሰጠውን የመሸጫ ቦታ በስሙ ይዞ ይቆያል። ብንጠይቃቸው ሁለቱም «እኔ ከማንም አልሰረቅሁም» ይላሉ። እውነት ነው፣ ከሚያውቁት ሰው ኪስ አልወሰዱም። ሆኖም ከኋላቸው የተሰለፈ፣ ስሙን የማያውቁት፣ በኪራይ ቤት ዕቃውን ተሸክሞ የሚዞር ሰው አለ። የዚህ ዓይነቱ በደል ክብደቱ የሚሰወረው ተበዳዩ ፊት ለፊት ስለማይታይ ነው። አላህ ዘንድ ግን ያ ሰው በስሙ የታወቀ ነው።

ስለዚህ መልሱ ይህ ይመስለኛል። በጋራ ነገር ላይ የተያዘ ቦታ አማና ነው። የምንጠቀምበትን ያህል የእኛ ነው፤ መጠቀማችን ሲያበቃ በእኛ እጅ ያለ የሌላ ሰው ሐቅ ይሆናል። ሹሙ የዚያን ሰው ሐቅ ለማስከበር ግልጽ መዝገብ ይያዝ፣ ሰልፍ የሚጥስ አይኑር፣ ለታመመ ፋታ፣ ለዘነጋ ማስጠንቀቂያ ይስጥ። ባለይዞታው ደግሞ ሹሙን አይጠብቅ። በየዓመቱ ፈቃዱን ሲያድስ ራሱን ሒሳብ ይጠይቅ፦ በዚህ ዓመት ተጠቀምኩበትን? በሚቀጥለውስ እጠቀምበታለሁን? መልሱ «አይደለም» ከሆነ፣ ፊርማው ከኋላው ያለውን ሰው አንድ ዓመት ጨምሮ ማስጠበቅ መሆኑን ይወቅ።

ዐብደላህ ኢብን ዑመር (ረ.ዐ.) አንድ ሰው በገዛ ፈቃዱ ከመቀመጫው ቢነሳላቸው እንኳ በቦታው አይቀመጡም ነበር። የሌላው ሰው ቦታ ይህን ያህል ያስፈራቸው ነበር። በሱረቱል ሙጃደላ አላህ (ሱ.ወ.) ምእመናንን በስብሰባዎች ቦታ አስፉ ሲባሉ እንዲያሰፉ ያዛል፤ ላሰፉትም እርሱ እንደሚያሰፋላቸው ቃል ይገባል። ወሽመጡን ማስፋት አንችልም። ሳንጠቀምበት የያዝነውን መልቀቅ ግን እንችላለን፤ ለሹሙ አንድ ማስታወቂያ መጻፍ፣ አንድ ቁልፍ መመለስ፣ አንድ መስገጃ መጠቅለል ይበቃል።

ወሏሁ አዕለም።